ቀዝቃዛው ጥግ

በሰፈሩ ስሜን የሚያውቅ ሰው ካለ እኔም ብተዋወቀው ደስ ይለኛል። ሁሉም የሚጠራኝ እትዬ ካውያ ብሎ ነው። ግማሹ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ስለኖረች ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ቶሎ ስለምትግል ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሙን ያወጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እሱም ሁለቱንም አስቦ ይመስለኛል። እንግዲህ ሰዎች መጥተው የግቢያችንን መሬት በኤሌክትሪክ ሊያሞቁት ነው የተባለ ቀን ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሳቀ መገመት አያቅትም።

«እትዬ ካውያ፣ ልብሱ አለቀና መሬቱን መተኮስ ጀመርሽ?» ይለኛል ባለሱቁ፣ ባለፍኩ ቁጥር።

«አንተንም መተኮሴ አይቀርም፣ ተጨማደሃል» እለዋለሁ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ለብዙ ዓመት ላውንደሪ ነበረን። ባለቤቱ ወንድሜ ነው፣ እኔ ተኳሽ ነበርኩ። ውሃ የማይወደውን ልብስ፣ ሱፉን፣ ካፖርቱን፣ የሙሽራ ቀሚሱን፣ በፈሳሽ የሚያጥብ ትልቅ ማሽን ነበረን። ፈሳሹን «መድኃኒቱ» ነበር የምንለው። ሌላ ረጅም ስም እንዳለው የሰማሁት አሁን በቅርቡ ነው፣ እሱንም ምላሴ አይዘውም። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፣ ከውሃ ግን ይከብዳል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታም አለው። ለእኛ ያ ሽታ የንጽሕና ሽታ ነበር። ደንበኛ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ኮሌታውን ወደ አፍንጫው አስጠግቼ «አሽትተው» እለው ነበር፣ መንጻቱን እንዲያምን። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ እጄ እንደዚያ ሲሸተኝ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ላውንደሪው ተዘጋ። ማሽኑ አረጀ፣ እኛም አረጀን። ከዓመታት በኋላ ጎረቤታችን ፎቅ ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር ያ ሽታ ከመሬት ወጣ። ቆፋሪዎቹ ራሳቸውን እየያዙ ሥራ አቆሙ። መርማሪ መጣ፣ አፈር ተወሰደ፣ መድኃኒቱ ሰርጎ መሬታችን ውስጥ እንደተኛ ተነገረን። እኛ የጣልነውን እሱ አልጣለንም ነበር።

ሥራውን የያዘችው አንዲት ወጣት ኢንጂነር ናት። የራስ ቆቧ ከራሷ ይሰፋል፣ ሁልጊዜ በአንድ እጇ ገፋ ታደርገዋለች። የመጀመሪያውን ቀን ግቢው መሀል አቁማን ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችን።

«አፈሩን ቆፍረን ብንጭነው ሌላ ሰፈር ወስዶ መድፋት ነው። ስለዚህ እዚሁ እናሞቀዋለን። የማሞቂያ ብረቶች መሬት ውስጥ እንቀብራለን፣ አፈሩ ሲግል ኬሚካሉ ይተናል። የተነነውን በቱቦ እንመጥና በከሰል ውስጥ እናሳልፈዋለን። ከሰሉ ይይዘዋል፣ አየሩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።»

«ሻማ ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ወረቀት ደርበን በካውያ እንደምናነሳው ማለት ነዋ» አልኳት። «ካውያው ያቀልጠዋል፣ ወረቀቱ ይመጠዋል።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምታስረዳው በእኔው ወረቀትና ካውያ ነበር።

ወንድሜን ልንገራችሁ። ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ከተጣላ «እስቲ ባለላውንደሪውን ጥሩት» ይባላል፣ እሱም ካፖርቱን ደርቦ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሁለቱንም ወገን «ልጄ» እያለ ያበርዳል። እኔ እሳት ነኝ፣ እሱ ውሃ ነው። ሁላችንም በዚህ ተስማምተን ነው የኖርነው።

ባሌ በሞተ ጊዜ ልጄን አዝዬ የኪራይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ የቀረሁ ሴት ነኝ። ጋሼ ነው የደረሰልኝ። ግቢው ጥግ ላይ፣ ከላውንደሪው ራቅ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠራልኝ። ተከራይ ቤት አይደለም፣ የራሴ ቤት። መስኮቱ ሰፊ፣ ጣሪያው ደህና፣ ወለሉ ደግሞ ወፍራም ሲሚንቶ። ሲሚንቶው ሲፈስ ያዩ ሰዎች «መኪና ልታቆሚበት ነው?» እያሉ ሲያሾፉብኝ «ወንድሜ ለኔ ሲሆን አይሰስትም» ብዬ አፋቸውን አስይዣለሁ። ልጄን እዚያ አሳደግኳት። በየጊዜው የምነግራት አንድ ነገር ነበር፦ አጎትሽ ባይኖር ኖሮ የት እንወድቅ እንደነበር አስቢ።

አሁን ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ወልዳ እኔ ጋ ልትታረስ፣ ከዚያም እስክትጠነክር ልጇን ይዛ እዚያው ቤት ልትቀመጥ ነው የተነጋገርነው። ስለዚህ መሬቱ መጽዳቱ ለሌላው የሰፈር ወሬ ነው፣ ለእኔ ግን የአንድ ሕፃን አልጋ የሚዘረጋበት ወለል ጉዳይ ነው። ኢንጂነሯ ገና ስትመጣ ነግራኛለች፦ መድኃኒቱ መሬት ውስጥ ከቀረ ዝም ብሎ አይተኛም፣ በወለሉ ስንጥቅ ቀስ እያለ ወደ ቤት ይወጣል፣ ሰው ሳያየው ይተነፍሰዋል።

ሥራው እስኪያልቅ ከመንገዱ ማዶ አንድ ክፍል ተከራዩልኝና ወጣሁ። ከመስኮቴ ግቢዬን እያየሁ እውላለሁ።

ኢንጂነሯ ብረቶቹን ከመቅበሯ በፊት ጋሼን ጠይቃው ነበር። ማሽኑ የት ቆሞ እንደነበር፣ ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ የት ይጣል እንደነበር። ጋሼ በዘንጉ እየጠቆመ አሳያት።

«ማሽኑ እዚህ ነበር። ከሥሩ ያንጠባጥብ ነበር፣ ያንን አልክድም። ዝቃጩን ግን መኪና እየመጣ ይወስደው ነበር» አላት።

እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። መኪናውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሰማያዊ መኪና ነበር። ብረቶቹም ማሽኑ በነበረበትና በግቢው መሀል ተቀበሩ። የእኔ ቤት ከዳር ስለሆነ አልተነካም።

ማሞቅ ሲጀመር ግቢው ሌላ ቦታ ሆነ። ሽቦ፣ ቱቦ፣ ከላይ የተደፋ ሲሚንቶ፣ ቀን ከሌት የማይቋረጥ የሞተር ጉርምርምታ። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ድመቶች በሙሉ አጥሩ ሥር ይደረደራሉ፣ መሬቱ ይሞቃላ። ሽማግሌዎቹም ብርድ ሲሆን አጥሩን ተደግፈው ይቆሙ ጀመር፣ ጉልበታችን ዳነ አሉ። ባለሱቁ ደግሞ ለምን ዳቦ አንጋግርበትም እያለ ኢንጂነሯን ሲያስቃት ይውላል። እኔ የማየው የሙቀት መለኪያዎቹን ነበር። በየቦታው መሬት ውስጥ የገባ ቀጭን ቱቦ አለ፣ እሱ ነው ውስጡ ምን ያህል እንደጋለ የሚናገረው። ሁሉም ቀስ በቀስ ወጣ። አንዱ ብቻ እምቢ አለ። እሱም ለእኔ ቤት የቀረበው ነው።

ሠራተኞቹ «ቀዝቃዛው ጥግ» ብለው ስም አወጡለት። ኢንጂነሯ ሲርባትም ሲጠማትም እዚያው ነው የምትገኘው።

«እናቴ፣ ድስት ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍላት አያልፍም አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን። «አፈርም እንደዚያ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ካላለቀ አይግልም። ሌላው ቦታ ደርቋል። እዚህ ጥግ ግን ውሃው አላልቅ አለ። ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። እዚህ አካባቢ የድሮ ጉድጓድ ነበር?»

«የውሃ ጉድጓዱ ያ ነው» ብዬ ከቤቴ ወዲያ ያለውን፣ ዛሬ የተከደነውን አሳየኋት። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ከእሱ ቀድተን ነው የኖርነው። «ሌላ አላውቅም። ጋሼን ጠይቂው፣ ግቢውን ያቀናው እሱ ነው።»

ጠየቀችው። ጋሼ ካፖርቱን እየቆለፈ ቀዝቃዛውን ጥግ ጥቂት አየው።

«የለም፣ ልጄ። እዚያ ጋ መሬቱ ድንጋያም ነው። ክረምት የገባ ውሃ ይሆናል።»

እሷም አመነችው። ማን አያምነውም? የሥራው ጊዜ እያለቀ ነበር። ከሌላው ቦታ የተወሰደው አፈር ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፣ አንዱን ጥግ በምክንያት አስረድተው ሊዘጉት ነው። ብረቶቹን ነቅለው፣ ቱቦውን ጠቅልለው፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነው። ልጄ ደግሞ ወሯ ገብቷል። እኔም መጋረጃዬን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ አስቀምጫለሁ።

ሊነቅሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ኢንጂነሯ ከመሄዷ በፊት ከውሃ ጉድጓዱም ናሙና ልትወስድ ክዳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳች። እኔ የቤቴን ቁልፍ ልቀበል መጥቼ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ወጣ። ኢንጂነሯ ፊቷን ሸሸት አደረገች፣ እኔ ግን ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

«ምነው እናቴ?»

«የእጄ ሽታ ነው» አልኳት።

«የእጅዎ?»

«አዎ። ከዚህ ውሃ ስቀዳ ሁልጊዜ እንዲህ ይሸተኝ ነበር። አንድ ሰሞን ጨነቀኝና ለጋሼ ብነግረው፣ ውሃው አይደለም፣ እጅሽ ነው፣ መድኃኒቱ ሲነኩት ከቆዳ አይለቅም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይለቅም ነበር።»

ጓንቷን ሳታወልቅ ቆማ አየችኝ። የሷ ዓይን ነው መጀመሪያ የነገረኝ።

«እናቴ፣ እርስዎ መድኃኒቱን ከነኩ ስንት ዘመንዎ ነው?» አለች ቀስ ብላ። «አሁን እጅዎ ይሸታል?»

እጄን አነሳሁና አሸተትኩ። ሳሙና ሳሙና ይላል። ጉድጓዱ ግን ያንኑ ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ውሃ ገና የመጀመሪያውን ቀን ይደፋው ነበር፣ እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ያ ሽታ ንጽሕና ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄን ያሳደግኩት በዚያ ውሃ ነው። ወተቷን የበጠበጥኩት በእሱ ነው። ውሃው እንዲያ የሚሸት ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከማሽኑ ሥር አልመጣም፣ ማሽኑ በግቢው ሌላ ጫፍ ነበር። ኢንጂነሯ ናሙናዋን ቀዳች። እኔም ቁልፌን ሳልቀበል ወጥቼ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሼ በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያየኝ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

«እጅሽ ነው ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። ይሄ ነው የጨረሰኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «የቱ እጅ?» ይል ነበር። እሱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዝቃጩን የት ነው የጣልከው?»

«መኪናው መጀመሪያ ላይ ይመጣ ነበር» አለ። «ከዚያ ቀረ። ማሽኑ ግን አይቆም። ሥራው ቢቆም አንቺስ ምን ትበዪ ነበር? እናንተ ማታ ስትሄዱ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ቀን ቀን በቆርቆሮ እየከደንኩ።»

«የት?»

«ካውያ፣ ቁጭ በይ።»

«የት ጋ ነው ያስቆፈርከው?»

«አንቺ ቤት ሥር ነው» አለኝ፣ ልክ የሱቅ አድራሻ እንደሚነግረኝ ሁሉ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ።

እሱ ቀጠለ፣ አንዴ ከተከፈተለት በኋላ የሚያቆም አልነበረም። ጉድጓዱ ሞላ፣ መሽተት ጀመረ፣ ደንበኛው ሁሉ ምንድን ነው ማለት ጀመረ። የሚመረምር ሰው ይመጣል ተብሎ ተወራ። አፈር ቢያለብሰው አልሆነም፣ ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ታጥቦ ሽታው መልሶ ይወጣል።

«ያኔ ባልሽ ሞተ» አለ።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አላወጣኋትም። ባልሽ ሞተ ያለው አንድ ሰው ቸግሮት የቆየ ነገር መላ ሲያገኝ በሚናገርበት አነጋገር ነው።

«ለኔ ቤት ያስፈልገኝ ነበር» አልኩት። «ለጉድጓዱ ደግሞ ክዳን።»

«ላንቺም ብዬ ነው የሠራሁት። ሁለቱም እውነት ነው፣ ካውያ። ሁለቱም።»

ሁለቱም እውነት መሆናቸውን አላጣሁትም። ግን እኔ ያን ያህል ዓመት ያመሰገንኩት ለአንዱ ብቻ ነው። ወፍራሙን ሲሚንቶ አስቡት። ሰው ሲያሾፍብኝ ደረቴን ነፍቼ የመለስኩትን አስቡት። ለካ ሲሚንቶው የወፈረው ለኔ አልነበረም። ለካ ጋሼ እኔ ቤት ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ «ለስላሳ ካለሽ» ነው የሚለው፣ እኔም ጣፋጭ ይወዳል ብዬ በየጊዜው ሮጬ እገዛለት ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ማሳመር አልችልም። ተክጃለሁ። ባሌ ቢክደኝ እግልና ይበርድልኝ ነበር። እንዲህ አንጀቴ ውስጥ የቀዘቀዘብኝ ነገር ግን ኖሮ አያውቅም።

«አሁኑኑ ለኢንጂነሯ እነግራታለሁ» አልኩት። «ነገ ሊነቅሉ ነው። ሳያውቁ ከሄዱ ያ ሕፃን እዚያ ላይ ነው የሚተኛው።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘኝ።

«ካንቺ አፍ ከሰሙት አለቀልኝ» አለኝ። «በዚህ ዕድሜዬ በዚህ ሰፈር መንገድ መሄድ አልችልም። ራሴ ልናገር። ነገ ጠዋት ሳይጀምሩ መጥቼ ራሴ በአፌ እናገራለሁ። ያሳደግኩሽ ከሆነ ይቺን ብቻ ተይልኝ።»

ተውኩለት። ምን ላድርግ? ያሳደገኝ ሰው ነው። ደግሞም አንድ ሽማግሌ ጥፋቱን በገዛ አፉ ሲናገርና ሌላ ሰው ሲያጋልጠው አንድ አይደለም ብዬ አሰብኩ። ከሱ የቀረልኝን ይቺን ታህል ክብር እንኳ ላትርፍለት ብዬ ነው።

ልጄ ማዶ ባለው ክፍሌ ውስጥ ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፣ ቃል ሰጥቻለሁ።

«ነገ አጎትሽ የሚናገረው ነገር አለ። አብረን እንሄዳለን» ብቻ አልኳት።

ጠዋት ሠራተኞቹ ቱቦዎቹን መፍታት ሊጀምሩ ሲሉ ደረስን። ኢንጂነሯ አለች፣ ቆፋሪው መሣሪያውን መኪና ላይ ሊጭን ነው። ባለሱቁም የሰፈሩ ሰዎችም ሊሰናበቷቸው ወጥተዋል። ጋሼ ቃሉን ጠበቀ፣ መጣ። ካፖርቱ ተቦርሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። መሀል ቆሞ ቆቡን አወለቀ። ሁሉም ዝም አለለት፣ እሱ ሊናገር ሲል ሁልጊዜም ዝም ይባልለታል።

«ልጆቼ፣ አንድ የደበቅነው ነገር አለ» ብሎ ጀመረ።

«የደበቅነው» ሲል ሰማሁት። ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ሲያፍር እንዲህ ይናገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ያኔ እውቀቱ አልነበረንም» ቀጠለ። «ዝቃጩን የሚወስድ ሲጠፋ እኔና እህቴ ተመካክረን ጉድጓድ አስቆፈርን፣ እዚያ ጥግ ቀበርነው። ኋላም ቤት ሠራንበት። አትፍረዱባት። ይህን ሁሉ ዓመት ምስጢሬን የጠበቀችልኝ ለኔ ብላ ነው። ትናንት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታ በቃ እንናገር ያለችኝ እሷ ናት። የልጅ ልጅ ሲመጣ ሰው ልቡ ይለወጣል።»

አመሰገነኝ እኮ። ሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ባለሱቁ ራሱን እየነቀነቀ «አይ እትዬ ካውያ» አለ፣ እንደማዘንም እንደመደነቅም አድርጎ። ኢንጂነሯ ወደኔ ዞረች።

«ለዚህ ነበር እንዴ ትናንት ስለ እጅዎ ያነሱት?» አለችኝ። «ሊነግሩኝ ፈልገው ነበር ማለት ነው። በቀጥታ ቢሉኝ ምን ነበረበት፣ እናቴ?»

«ውሸት ነው!» አልኩ። ድምፄ ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ትናንት ነው የነገረኝ! ጋሼ፣ ቀና ብለህ እየኝና ድገመው!»

አላየኝም። ለሰዎቹ «ተዉአት፣ ደንግጣ ነው» አላቸው በዝግታ።

እነሱም ተዉኝ። ከሁለት ሰው አንዱ ሲጮህና አንዱ ቀስ ብሎ ሲናገር ማን እንደሚታመን እኔ ዛሬ አልተማርኩም፣ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እኔና እሱ ተቃራኒ ወገን ቆመን አናውቅም ነበር። ራሱ እንዲናገር የለመነኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቀድሞ የተናገረ ነው የሚታመነው፣ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ጠብ ሲዳኝ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ጊዜውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜ ተጠቅሞ ነው ቁጭ ብሎ የሠራኝ።

ኢንጂነሯ ግን ሥራዋን አልረሳችም። ማንም ይወቅ ማንም አይወቅ፣ ጉድጓዱ እዚያ ከሆነ ብረቱ እዚያ መግባት አለበት አለች። ወለሉ ይሰበራል፣ ግድግዳውም አይተርፍም፣ ማሞቁ ለተጨማሪ ወራት ይቀጥላል፣ ሌላ ቤት ለመሥራት አፈሩ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ከእኔ ፈቃድ ያስፈልጋታል።

«አፍርሱት» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት? ቤትዎ ነው እኮ።»

«የጉድጓድ ክዳን ነው። አንሡት።»

ሠራተኞቹ ገብተው ዕቃዬን ማውጣት ጀመሩ። አልጋዬ ወጣ፣ ቁም ሳጥኔ ወጣ፣ የታጠፈው መጋረጃዬ አንዱ ወጣት ትከሻ ላይ ወጣ። ቆፋሪው መሣሪያውን ከመኪናው መልሶ አወረደ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ፣ መስታወቱን እንዳትሰብሩባት» እያለ ያስተባብር ነበር። ቢያንስ መሬቱ ይጸዳል፣ ሕፃኑ ያን አየር አይተነፍስም፣ ይሄ አይበቃኝም ወይ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ልጄ የት እንደቆመች ፈለግኳት።

አጥሩ አጠገብ ነበረች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። ጠዋት ስንመጣ ክንዴን ይዛ ነበር የመጣችው። መቼ እንደለቀቀችኝ አላስተዋልኩም።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር። ትናንት ነው የሰማሁት።»

«ትናንት ከሰማሽ ለምን አልነገርሽኝም? አብረን አይደል ያመሸነው?»

«ራሱ ይናገር ብዬ ነው። ለምኖኝ ነው።»

ወደ ጋሼ አየች። እሱ መስታወቱን ከወጣቱ ተቀብሎ በካፖርቱ እጅጌ እየጠራረገ ጥላ ሥር ያስቀምጠው ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደኔ ስትዞር ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል፣ ግን እንባው ለእኔ አልነበረም።

«አጎቴ እኮ አይዋሽም፣ እማዬ» አለችኝ። «ምን በወጣው ብሎ ይዋሻል?»

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ አፏን ስትፈታ ጀምሮ።